የሸኘነው ተኩላ የት ሄደ?



በዚህ ዓምድ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ እንነጋገራለን። ዛሬ ደግሞ ልጆቻችንን በየእሑዱ በአደራ ስለምንሰጥበት ስለ ሁለተኛው ቤታችን እንነጋገር። አባትና እናት በትልቁ አዳራሽ ሲያመልኩ ልጁ በጓሮ ባለችው ክፍል ከአስተማሪው ጋር ነው። የመዘምራን ልምምድ ያላት ልጅ ከመሸ ወደ ቤት ትመለሳለች። ምክር የፈለገች እኅት ከአገልጋዩ ጋር ለብቻዋ ትቀመጣለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ስለምንተማመን ነው፤ መተማመናችንም መልካም ነው። ነገር ግን መሪዎቻችን አንድ ቀን ክፉ ወሬ ቢሰሙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያስተማራቸው አለ?

ብዙ ጊዜ የሚሆነውን እናውቀዋለን። ሽማግሌዎች በዝግ ይሰበሰባሉ። ይጾማል፣ ይጸለያል፤ በዳዩ አልቅሶ ንስሐ ይገባል። “የጌታ ስም እንዳይሰደብ” ተብሎ ጉዳዩ በዚያው ይታሸጋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ወደ ሌላ አጥቢያ ይሄዳል። ደብዳቤው ስለ አገልግሎቱ ያትታል፤ ስለ ሄደበት ምክንያት ግን አንድም ቃል የለውም። እኛም “ተገላገልን” እንላለን። የሸኘነው ተኩላ ግን የት ሄደ? ወደ ሌላ በረት አይደለምን?

ዝምታ ያስከፈለው ዋጋ

ጆን ስማይዝ የታወቀ እንግሊዛዊ ጠበቃና በወንጌላውያን የወጣቶች ካምፕ ውስጥ መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወጣት ወንዶችን “ከኃጢአት ለማንጻት” በሚል ሰበብ ወደ ቤቱ ጓሮ እየወሰደ እስኪደሙ ይገርፋቸው ነበር። በ1982 ኃላፊዎቹ ነገሩን መርምረው በጽሑፍ አሰፈሩት። ለፖሊስ ግን አልተናገሩም፤ የወንጌል ሥራ ይጎዳል ብለው ሰግተው ነበርና። በ1984 ስማይዝ ወደ ዚምባብዌ ሄደ። እዚያም ሌላ የክርስቲያን ወጣቶች ካምፕ ጀመረ፤ ግርፋቱም ቀጠለ። ኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ፤ በ2018 ሳይፈረድበት ሞተ።

በኖቬምበር 2024 የወጣው የምርመራ ሪፖርት በብሪታንያ እስከ 30፣ በአፍሪካ ደግሞ 85 ያህል ልጆችና ወጣቶች እንደተጎዱ ገምቷል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢም ነገሩን በ2013 ሲሰሙ ለፖሊስ ማሳወቅ ይችሉ እንደነበር፣ ይገባቸውም እንደነበር ሪፖርቱ ስለ ገለጸ በዚያው ሰሞን ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ልብ በሉ፤ በ1982 ዝም ያሉት ሰዎች የሚጸልዩና የሚሰብኩ ሰዎች ነበሩ። የዝምታቸውን ዋጋ የከፈሉት ግን የአፍሪካ ልጆች ናቸው። እሳት ከተነሣ በኋላ ውኃ መቅጃ ፍለጋ መሮጥ አይጠቅምም። መሪዎች አስቀድመው መሠልጠን ያለባቸው ለዚህ ነው።

ሥልጠናው ምን ያስተምር?

1. ማን ለጥቃት እንደተጋለጠ ማወቅ። ሕፃናት ብቻ አይደሉም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛው፣ የአእምሮ ሕመምተኛው፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከአረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች እኅት፣ ነጻ ለመውጣት ለጸሎት የመጣ ሰው ሁሉ አሉበት። እነዚህ ሁሉ አገልጋዩን “እምቢ” ማለት ይከብዳቸዋል።

2. አገልጋይን መርምሮ መምረጥ። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 ዲያቆናት አስቀድሞ እንዲፈተኑ ያዛል። አዲስ የመጣ ሰው ስላማረ ድምፁ ወዲያው የልጆች ክፍል አይሰጠው። መሸኛውን ከማንበብ አልፈን ደውለን እንጠይቅ፦ “ከልጆች ጋር እንዲያገለግል እናንተ ትፈቅዱለታላችሁ?”

3. ለብቻ አለመሆን። በልጆች ክፍል ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፤ በሩም አይዘጋ። ምክርና ጸሎት ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ከልጆች ጋር በድብቅ በስልክ መጻጻፍ ይከልከል። ደንቡ ከመጋቢው ጀምሮ ለሁሉም ይሥራ። ንጹሑን አገልጋይም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

4. መስማት። ልጅ ሲናገር በጥያቄ አናጣድፈው። “ለማንም አልናገርም” ብለን ቃል አንግባ። ያለውን በራሱ አነጋገር ከነቀኑ እንጻፍ። “ይቅር በል” ብለን አናስገድደው፤ ከበዳዩም ጋር ፊት ለፊት አናቁመው። ማቴዎስ 18፥15ን ጠቅሰው “ሄደሽ ለብቻው ንገሪው” የሚሉ አሉ። ጌታ በዚያ የተናገረው ስለ ወንድምና ወንድም ነው፤ የስምንት ዓመት ሕፃን ጎልማሳውን ትገሥጽ አላለም። ያው ምዕራፍ ከፍ ብሎ ታናናሾችን ስለሚያሰናክል ሰው ምን እንደሚል እናንብብ።

5. ለሕግ ማሳወቅ። በሕፃን ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ወንጀል ነው፤ በሽምግልና አያልቅም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በሚያድጉባቸው ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። የተደፈረ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና። ልብሱም ሳይታጠብ ይቀመጥ።

“ታዲያ ይቅርታስ?” ትሉ ይሆናል። ጌታ ንስሐ የገባውን ይቀበላል። ነገር ግን ንስሐ ሰውን ወደ ጌታ ይመልሰዋል እንጂ ወደ ልጆች ክፍል አይመልሰውም። የእውነት የተጸጸተ ሰው ይህን አይጠይቅም። ፍቅር ኃጢአትን ይሸፍናል ስንል የበዳዩን ገበና ሸፍነን የተበዳዩን ቁስል አብረን እንዳንሸፍን እንጠንቀቅ። የተሸፈነ ቁስል ያመረቅዛል።

በሕዝቅኤል 34 እግዚአብሔር እረኞችን የሚወቅሰው ደካማውን ስላላጸኑና የተሰበረውን ስላልጠገኑ ነው። የጌታ ስም የሚከበረው በጎቹ ሲጠበቁ ነው።

ለባልና ሚስት፦ በዚህ ሳምንት አብራችሁ ተወያዩ። ልጃችን ክፉ ነገር ቢደርስበት ሳይፈራ ሊነግረን ይችላል? በክፍሉ ስንት አዋቂ አለ? በቤታችን የምትሠራዋን ልጅ ማን ይጠብቃታል? መልሳችሁን ይዛችሁ በትሕትና ወደ ሽማግሌዎቻችሁ ሂዱ፤ ሥልጠናው መቼ እንደሚጀመርም ጠይቋቸው።

ጌታ ለመሪዎቻችን የሚሰማ ጆሮና የሚናገር አፍ ይስጣቸው። ተባረኩ!