ቅጠሉ ጌሾ ቢመስልም ጌሾ አይደለም

የማኅበራችን የበጋ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ እግር ኳስና ባርቤኪው ነው። ሁለቱንም እወዳለሁ። ዘንድሮ ግን አንድ ቅዳሜ ለሌላ ነገር እንድንሰጥ ሐሳብ አለኝ፤ ወላጆቻችንን ይዘን የዱር እንጆሪ እንልቀም፣ ከዚያም አብረን ማርማላታ እንሥራ። ሐሳቡን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንደኛው "ሱቅ ሞልቶ የለ እንዴ?" የሚል ነው። ሁለተኛው "እሱማ የእረኛ ሥራ ነው" አለ። ሦስተኛው ደግሞ "አሪፍ ነው፣ የተፈጥሮ ነገር ምን ጉዳት አለው?" አለኝ። ከሦስቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ የደገፈኝ ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ ስለምንኖርበት ቦታ ትንሽ ልበል። እኔ ያደግኩት ሆፕኪንስ ነው። ከተማዋ እስከ 1928 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ዌስት ሚኒያፖሊስ ትባል ነበር። በ1887 የእህል መውቂያ ማሽን ፋብሪካ ሲቋቋም ሥራ ፍለጋ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ከቦሄሚያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ የተነሡ ስደተኞች ነበሩ። በአካባቢው ራዝቤሪ ማልማት ተስፋፋ፤ ሆፕኪንስም ራሷን "የዓለም የራዝቤሪ ዋና ከተማ" እስከማለት ደረሰች። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የተጀመረው የራዝቤሪ ፌስቲቫል አሁንም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይከበራል። እርሻዎቹ ዛሬ የሉም፤ ቦታቸውን ቤትና መንገድ ይዞታል። ስሙ ግን ቀርቷል።

ከእነሱም በፊት ይህ ምድር የዳኮታ ሕዝብ ነው። ዳኮታና ላኮታ የዱር ፍሬ ቀቅለው ዎጃፒ የሚባል ወፈር ያለ መረቅ ይሠራሉ። የላኮታ ተወላጁ ሼፍ ሾን ሸርማን በ2021 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በከፈተው ኦዋምኒ ምግብ ቤት የአገሬውን ፍሬና ሥር ይዞ በ2022 የጄምስ ቢርድን የምርጥ አዲስ ምግብ ቤት ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ "የእረኛ ሥራ" ለሚለው ጓደኛዬ አንዱ መልሴ ይህ ነው፤ የዱር ፍሬ መልቀም የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ የአገሪቱ ትልቁ የምግብ ሽልማት እዚያ ባልደረሰ ነበር። ሌላው መልሴ ቀላል ነው፤ እረኛው ምን አጠፋ? አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽምና እንኮይ የትኛው መቼ እንደሚበስል፣ የትኛው ከነልጣጩ እንደሚበላ የሚያውቀው እሱ ነው። ያ እውቀት ዩኒቨርሲቲ ቢሰጥ ክሬዲት ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ችግሩ ስም ነው።

አማርኛችን "እንጆሪ" ሲል ብዙ ነገር ይይዛል። አገር ቤት ቁጥቋጦ ላይ የሚበቅለው እሾሃማው እንጆሪ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ስትሮቤሪም እንጆሪ ነው፤ ራዝቤሪም ብላክቤሪም እንጆሪ ነው። "ማርማላታ"ም እንደዚሁ ነው። ከጣሊያንኛ የወሰድነው ቃል ሲሆን ለእኛ ማንኛውንም ፍሬ ይመለከታል። እዚህ አገር ግን ሱቅ ገብታችሁ ማርማሌድ ብትጠይቁ የብርቱካን ብቻ ነው የሚሰጧችሁ። የማርማላታው መሳሳት ጉዳቱ ጥቂት ዶላር ነው። የዱር ፍሬ መሳሳት ግን ሆስፒታል ያስገባል።

ምሳሌ ልስጥ። በሆፕኪንስ የእግር መንገዶች ዳር፣ በናይን ማይል ክሪክ አካባቢም ጭምር፣ ባክቶርን የሚባል ዛፍ ሞልቷል። ከአውሮፓ ለአጥር ተብሎ የመጣ፣ ዛሬ ሚኒሶታ እንደ ጎጂ አረም የምትዋጋው ተክል ነው። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ጥቃቅን ጥርስ አለው። በበጋ መጨረሻ ጥቁር ክብ ፍሬ ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይይዛል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጊዜ "ይሄ እኮ ጌሾ ይመስላል!" አለች። ዓይኗ አልተሳሳተም። ጌሾ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ነው፤ ባክቶርን ደግሞ ራምነስ ካታርቲካ። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። "ካታርቲካ" ግን "የሚያስቀምጥ" ማለት ነው፤ ፍሬው ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ያመጣል። አገር ቤት ቅጠሉ ለጠላና ለጠጅ የሚሆን ተክል እዚህ ዘመዱ ሕፃን ልጅን ድርቀት ውስጥ ሊከት ይችላል።

ሁለተኛ ምሳሌ እንዶድ ነው። አገር ቤት እንዶድ የሚበላ ሰው የለም፤ ለልብስ ማጠቢያ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በአሜሪካ ምሥራቅና ደቡብ በብዛት የሚበቅል ፖክዊድ የሚባል ዘመድ አለው፤ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ፍሬው የሚያምር፣ ግን መርዛም ነው። ወደ አትላንታ ወይም ወደ ዲሲ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። እዚሁ ሚኒሶታ ደግሞ የዱር ወይን የሚመስል ሙንሲድ የሚባል ሐረግ አለ። ልዩነቱ ዘሩ ነው። ወይን ብዙ ዘር ሊኖረው ይችላል፤ የሙንሲድ ዘር አንድ ብቻ ሲሆን እንደ ጨረቃ ግማሽ የተቆለመመ ነው። እሱም መርዝ ነው።

"ታዲያ ለምን አንተወውም?" ትሉ ይሆናል። አንተወውም፤ ምክንያቱም ደኅና የሆነውን መለየት ይቻላል። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ በጫካ ዳር የሚበስለው ጥቁር ራዝቤሪ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ግንዱ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ እሾህ አለው። የቅጠሉ ጀርባ ነጣ ያለ ነው። ፍሬው ሲቀጠፍ እንብርቱ ግንዱ ላይ ቀርቶ ውስጡ እንደ ጽዋ ባዶ ይሆናል። እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ያየ ሰው በባክቶርን አይታለልም።

እዚህ ላይ ነው ወላጆቻችን የሚያስፈልጉን። እኛ እዚህ ያደግነው ልጆች ስልክ ከፍተን የእንግሊዝኛውን ስም እናገኛለን፣ የፓርኩን ሕግ እናነባለን። ቅጠል ገልብጦ ማየት፣ ማሽተት፣ የበሰለውን ካልበሰለው በጣት መለየት ግን የእነሱ ነው። ይህን ዓይነት እውቀት አቅልለን እንዳናይ አክሊሉ ለማን ማስታወስ ይበቃል። በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ምርምር መነሻ የሆነው። ሳይንሱ የጀመረው ከአጣቢዎቹ ልማድ ነው። ነገር ግን እውቀቱ ከአገሩ ጋር የተሳሰረ ነው። አድዋ ላይ እውነት የሆነው ሆፕኪንስ ላይ መፈተሽ አለበት። ስለዚህ ለብቻቸው ቢሄዱ የባክቶርን ወጥመድ አለ፤ ለብቻችን ብንሄድ ደግሞ ቅጠል ከቅጠል አንለይም። አብረን ስንሄድ ነው አንድ ሙሉ ሰው የምንሆነው።

ወደ ሦስተኛው ጓደኛዬ ልመለስ። "የተፈጥሮ ነገር ምን ጉዳት አለው?" ነርሲንግ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር በፍርሃት ነው የምሰማው። ኤልደርቤሪ ተፈጥሮ ነው፤ በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከነቅጠሉና ከነግንዱ ጥሬውን የተጨመቀ ጭማቂ የጠጡ ሰዎች ታመው ሆስፒታል ገብተዋል። ቾክቸሪ ግሩም ማርማላታ ይወጣዋል፤ የፍሬው አጥንት ግን መፈጨት የለበትም፣ ውስጡ ሳያናይድ የሚሆን ንጥረ ነገር አለ።

ስኳሩም አለ። በማኅበረሰባችን "ስኳር አለብኝ" የማይል አዛውንት ያለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርማላታ 13 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ፍሬው ከጫካ መምጣቱ ይህን ቁጥር አይቀንሰውም። "የዱር ስለሆነ ለስኳር በሽታ መድኃኒት ነው" ብሎ ለጋሼና ለእትዬ ጠርሙስ ማስታቀፍ ፍቅር ቢመስልም ጉዳት ነው። ይልቅ ለእነሱ መድኃኒቱ መልቀሙ ነው። ሁለት ሰዓት መራመድ፣ ጎንበስ ቀና ማለት፣ ፀሐይ ማግኘት፣ ክረምቱን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ተዘግቶ ለከረመ ሰው ከጠርሙሱ ይበልጣል። ማርማላታው ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭ ብቻ ብለን እንጥራው።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስቀምጥ። 9 ኩባያ የተፈጨ ፍሬ ለ6 ኩባያ ስኳር። ሰፊ ድስት ላይ ጥዶ እያማሰሉ ማፍላት ነው፤ እንዳያር ዓይን ከድስቱ አይነሣም። ፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲን ከአሲዱና ከስኳሩ ጋር ሲገናኝ ይረጋል። ቴርሞሜትር ካላችሁ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት 8 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ ደርሷል፤ እዚህ 220 አካባቢ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ስለዚህ አክስታችሁ በስልክ የምትነግራችሁ ቁጥርና የእዚህ መጽሐፍ ቁጥር ቢለያዩ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሞቀውን ማርማላታ በንጹሕ የማሸጊያ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ ውሃ ውስጥ አስጥማችሁ 10 ደቂቃ ቀቅሉ። የኤልደርቤሪ አሲድ አንዳንዴ ስለሚያንስ ያለተፈተነ አሠራር ጠርሙስ ውስጥ አታሽጉት። ቅቤ የለበትም፣ ለጾምም ይሆናል።

"ሱቅ ሞልቶ የለ?" ላለው ጓደኛዬ፦ አዎ፣ ሞልቷል፤ ርካሽም ነው። አገር ቤትም የመርቲ ማርማላታ ነበር፣ ማንም ጫካ አልገባም። እኔ ግን ገንዘብ ለመቆጠብ አላልኩም። ሱቅ የገዛነው ጠርሙስ ላይ ስሙ ተጽፎልናል። ጫካ ውስጥ ስሙን መናገር ያለብን እኛ ነን። እዚህ ተወልደን ወይም አድገን፣ ደጃችን ያለውን ዛፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የማንጠራው ከሆነ በሁለት ቋንቋ እንግዳ ነን። የቦሄሚያ ስደተኞች ይህን መሬት በአንድ ፍሬ አወቁት። እኛስ በምን እናውቀዋለን?

ስለዚህ ያቀረብኩት ሐሳብ ዝርዝሩ ይህ ነው። በሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቅዳሜ፣ እያንዳንዳችን አንድ ትልቅ ሰው ይዘን እንምጣ። ቦታው የሚኒሶታ ስቴት ፓርክ ይሁን፤ እዚያ ለግል ፍጆታ የሚበላ ፍሬ መልቀም ይፈቀዳል፣ ለሽያጭ ግን አይፈቀድም። ሌሎች ፓርኮች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ሳይጠየቅ አይለቀም። ባቡር ሐዲድና አረም መድኃኒት የተረጨበት አጠገብም አይለቀም። ወደፊት ለገቢ ማሰባሰቢያ መሸጥ ከፈለግን ፍሬውን ከእርሻ ገዝተን፣ በግዛቱ የኮቴጅ ፉድ ሕግ መሠረት ተመዝግበን ነው።

አንድ ደብተርም ይኑረን፤ አራት ዓምድ ያለው። የእንግሊዝኛው ስም፣ ሳይንሳዊው ስም፣ አገር ቤት የሚመስለው ወይም ዘመዱ፣ በመጨረሻም "ይበላል" ወይም "አይበላም"። አራቱም ሳይሞሉ ማንም ምንም አይቅመስ። ልጅም ሆነ አዋቂ ያልታወቀ ፍሬ ከዋጠ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ፖይዝን ኮንትሮል በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነጻ ይመልሳል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ይህን ቁጥር የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እኔ እጽፋለሁ። የአማርኛ ስሞቹን ዓምድ ግን ብቻዬን መሙላት አልችልም፤ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።