ስለ ጽዋና ስለ ገንዘብ ሣጥን

በደባርቅና በዳባት ከተማ ተምረናል ከሚሉ ወንድሞች አንደበት፣ «የጽዋ ማኅበር ወጭ ነውና ይቅር፤ ለሐዘን የሚደርስ እድር ይበቃናል» የሚል ቃል አዘውትሮ ይሰማል። ይህን የሚናገሩት ለድሀ የሚያዝኑ ናቸው እንጂ ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። በአምባራስ ደጋ ከገብስ በቀር ብዙ እህል በማይበቅልበት መሬት የሚኖር ገበሬ፣ ተራው በደረሰ ጊዜ ለጠላና ለዳቦ የሚያወጣው ቀላል እንዳይደለ እኛም አናጣውም። ነገር ግን ምክራቸው በሌላ አገር አስቀድሞ የተሠራበትና ፍጻሜው የታየ ስለ ሆነ፣ እነሆ ታሪኩን ለአንባብያን እናቀርባለን። የውጭው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የእንግሊዝ አገር ሰዎች ቀድሞ እንደ እኛው በቅዱሳን ስም የሚሰበሰቡ፣ ሙት የሚቀብሩ፣ ለሞተውም ጸሎት የሚያስደርሱ ማኅበሮች ነበሯቸው። ፕሮቴስታንትነት በገባ ጊዜ ግን፣ በ1547 በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን የወጣው ሕግ እነዚህን ማኅበሮች ዘግቶ ሀብታቸውን ለንጉሡ ግምጃ ቤት አደረገው። ምክንያቱ ለሙታን መጸለይ ከንቱ ነው የሚል ነበረ፤ ግምጃ ቤቱም ገንዘብ ይፈልግ ነበር። ማኅበሩ ቢፈርስም ሕመምና ሞት አልፈረሱምና፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የልጅ ልጆቻቸው ሎጅ የሚባሉ የወንድማማች ማኅበሮችን እንደ አዲስ ያቆሙ ጀመር።

ከእነዚህ አንዱ ኦሬንጅ የተባለው ነው፤ በ1795 በአየርላንድ በአርማ አውራጃ ተመሠረተ፤ ፕሮቴስታንት ያልሆነ አይገባበትም። በካናዳ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ከቶሮንቶ ከንቲቦች የሚበዙት የእርሱ አባሎች ነበሩ። ኦድ ፌሎውስ የተባለው ደግሞ፣ ቶማስ ዋይልዲ ከአራት ባልንጀሮቹ ጋራ በ1819 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ካቆመው ወዲህ፣ በሽተኛ መጠየቅን፣ የተቸገረን መርዳትን፣ ሙት መቅበርንና እጓለ ማውታን ማስተማርን ሥራው አድርጎ በየከተማው ተስፋፋ።

ሥራው መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ሠራተኛውን ወደ ሎጁ የሳበው ከሁሉ ይልቅ ለሕመምና ለቀብር የሚከፈለው ገንዘብ ነበር። እንግሊዝ በ1911 የመድን ሕግ፣ አሜሪካም በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ካወጡ በኋላ፣ መንግሥትና የመድን ኩባንያ ያንኑ ገንዘብ ያለ ስብሰባና ያለ መሐላ ይሰጡ ጀመርና ሎጁ ቀስ በቀስ ሰው አጣ። ፍሪሜሶኖች ጥቅማቸው ከገንዘቡ ይልቅ በክብርና በትውውቅ ስለ ነበረ ከሌሎቹ ቆይተዋል። (ይህ ማኅበር ፕሮቴስታንት ብቻ ይግባ ባይልም፣ የሮማ ጳጳስ በ1738 ካቶሊኮችን ስለ ከለከለ በአሜሪካ አብዛኛው አባል ፕሮቴስታንት ነበረ።) በዚያ አገር በ1959 ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በታች ናቸው፤ ክብሩንም ትውውቁንም ልጆቻቸው በሌላ ስፍራ አገኙት። የአየርላንዱም ኦሬንጅ ከ1960ዎቹ ወዲህ ከአባሎቹ እኩሌታውን አጥቷል።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። እድር በከተሞቻችን በተለይ ከጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ የሰፋ ነው። ድንኳኑና ቀብሩ ሃይማኖት ሳይለይ ለጎረቤት ሁሉ ይደርሳልና ከእርሱ ጋራ ጠብ የለንም። ነገር ግን እድር የሚጠይቅህ መዋጮህን ነው፤ ብትቀር ይቀጣሃል፤ ቅጣቱን ከከፈልህ ነገሩ አለቀ። ከባልንጀራህ ጋራ ተኳርፈህ ብትመጣ ምን አገባው? በጽዋ ማኅበር ግን የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም፤ ካህኑና ሙሴው በመካከል ገብተው ያስታርቁታል። ደም መፈላለግ ገና ባልጠፋበት በስሜን አገር ይህን ሥራ ለየትኛው ሣጥን እንሰጠዋለን? ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠሩ እየተዘረጋ የመጣው የጤና መድን፣ በከተማውም ያለው ባንክና የመድን ኩባንያ፣ የእድሩን ሥራ ነገ መካፈላቸው አይቀርም። በቅኔ ቤት ቋንቋ፣ ጠላውና ዳቦው ሰም ነው፤ ዕርቁ ወርቅ ነው፤ ወንድሞቻችን ግን ሰሙ ከበደን ብለው ወርቁን ሊጥሉት ይነሣሉ።

ደግሞም ልጆቻችን ወደ ፕሮቴስታንት ሄዱ እያልን እናዝናለን። በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ በ1987 ዓ.ም. ከመቶ 10.2 የነበሩት በ1999 ዓ.ም. 18.6 ሆነዋል። በክልላችን እጅግ ጥቂቶች ቢሆኑም የሚሠሩትን እንይ፤ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ይሰበሰባሉ፤ ያነባሉ፤ የቀረውን ሰው ለምን ቀረ ብለው ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ይህ የማን ሥርዓት ነበረ?

ካህናት ወንድሞቼም አይቈጡኝ፤ ጸበል ጸዲቁን ባርኮ፣ አንድ ቃል ሳያስተምር ጠጥቶ የሚሄድ ካህን ከከተሜው ይልቅ ለማኅበሩ መፍረስ ምክንያት ነው። ስንክሳሩን ከፍቶ የዕለቱን ገድል በአማርኛ ቢተረጕምላቸው ምን ይጎድልበታል?

ወጭውም የከበደው ከማኅበሩ ሥርዓት የተነሣ አይደለም። ዳቦና ጠላ ይበቃ በነበረበት ስፍራ ሥጋንና በሣጥን የሚመጣ ቢራን ያስገባው የከተማ ባለጸጋ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ተራው የሚደርሰው ድሀ እንዳያፍር ይበደራል። የማኅበሩን ሕግ የሚያወጡት አባሎቹ ናቸውና፣ ከዳቦና ከጠላ በላይ ያቀረበ ይቀጣ ብለው ይወስኑ፤ እህል ያጠረውም ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ተራውን በአንድነት ያውጣ። ቅጣቱንም ለእድሩ ይስጡት።