ያንን ጉበት ለውሻ አትጣሉት!

በግ ታረደ። አራጁ ሆድቃውን ዘርግፎ ጉበቱን ሲገለብጥ ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት አየ። «ይሄስ አይበላም» ብሎ አፉን ከፍቶ ለሚጠብቀው ውሻ ወረወረለት። በደብረ ታቦር በየበዓሉ፣ በየግቢው የማየው ይህንኑ ነው፤ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል!

ያ እብጠት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል እጭ ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። የጉና ተራራ በግ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል፤ ልጃችን ደግሞ ውሻ በዳበሰበት እጁ ይጎርሰዋል። የሚገርመው፣ አራጁ ያንን ከረጢት ራሱ ቢበላው ትሉ በሚያመጣው በሽታ አይያዝም ነበር። ብሉት ማለቴ አይደለም! ግን ተጸይፈን የመረጥነው መንገድ የባሰው ነው።

እጩ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ጉበት ላይ ይሰፍርና ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያብጣል። እኛም «ጨጓራ ነው» እያልን እንከርማለን።

«ቀዶ ሕክምና አለ አይደል?» ይሉኛል። አለ! ግን ሐኪሙ የከረጢቱን ዙሪያ ጨው ባለው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ከቦ ነው የሚነካው። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ካመለጠ በሽተኛው እዚያው አልጋ ላይ በአለርጂ ሊሞት ይችላል፤ ቢተርፍም እጩ ሆዱ ውስጥ ተዘርቶ ሌላ ከረጢት ሊያበቅል ይችላል። ከረጢቱ ጉበቱን ዘልቆ ከያዘው ደግሞ ከነጉበቱ ክፋይ ተቆርጦ ይወጣል። ጤናማ ጉበት ሲሶው ቢቀር እንኳ መልሶ ያድጋል፤ ጭንቁ ደሙ ነው። ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ለጥቂት ደቂቃ አንቆ መያዝን ፕሪንግል የተባለ ቀዶ ሐኪም ያሳወቀው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ቬትናማዊው ሐኪም ቶን ታት ቱንግ ደግሞ በቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሃኖይ የሬሳ ጉበት እየበለተ የደም ሥሩን መንገድ አጠና፤ ከዚያ የጉበቱን ሥጋ በጣቱ እየፈለቀቀ፣ ደም ሥሩን እየለየና እያሰረ መቁረጥን ለዓለም አሳየ።

እሱ በጣቱ ጉበት ከፈለ፤ እኛ በአካፋ ጉድጓድ መቆፈር አቃተን?

የከተማው አስተዳደርም ዝም ብሎ አይመልከት። በግቢ የሚታረደውን ማን ያየዋል? ለውሾቹ የትል መድኃኒት ማን ይሰጣል?

እናንተ ግን አስተዳደሩን አትጠብቁ። በመጪው በዓል ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ካያችሁ አቃጥሉት፤ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ልጆቹንም እጃቸውን አስታጥቧቸው።