ወይፈኑን አይሽጡት

ባለፈው ሳምንት፣ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የደወሉልኝ ጎጃም ያሉት የአባቴ የእርሻ ጎረቤት ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አያ ነው የምላቸው። ልጃቸው የፍሬሽማኑን ዓመት ጨርሶ ሕክምና ደርሶታል። «እንኳን ደስ ያለዎት» ብዬ ሳልጨርስ፣ «ልጄ፣ ያ ሐኪሞች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ማዳመጫ ስንት ያወጣል? ወይፈኑን ቅዳሜ ገበያ ላወጣው ነው» አሉኝ።

«ኧረ እንዳያወጡት!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አጠገቤ የተሰለፉት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

እኔ ሕክምና የገባሁት በ2001 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከመሰናዶ በቀጥታ ነበር የምንገባው፤ የፍሬሽማን ዓመት የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። አባቴ ወይፈን ሸጦ፣ ከተማ ወጥቶ፣ ከአንድ የሕክምና ዕቃ መደብር ማዳመጫ ገዛልኝ። ሻጩ «ያለዚህ አያስተምሯትም» ብሎት ነበር። ዕቃውን በጋቢው ጠቅልሎ አምጥቶ ሲሰጠኝ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ዛሬም ይታየኛል። ለአባቴ ሐኪም ማለት ማዳመጫ ነው፤ ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥር ያየው እሱን ነዋ።

ማዳመጫውን ሎከሬ ውስጥ አስገብቼ በጓጉንቸር ቆለፍኩበት። የመጀመሪያው ዓመት አለፈ፤ አንድም ቀን አልተፈለገም። ሁለተኛውም አለፈ። ፊዚዮሎጂ ላብ የደም ግፊት ስንለካ እንኳ የምንጠቀመው በላቦራቶሪው መሣሪያ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ሲ ዋን የሚባለው የሆስፒታል ትምህርት ገብተን ከበሽተኛ ጋር ስንገናኝ፣ ማዳመጫዬን አወጣሁት። ጎማው ታጥፎ በተቀመጠበት ቦታ ደርቆ ተሰንጥቋል። የአባቴን ወይፈን ትቼ በውሰት ማዳመጫ ዋርድ ገባሁ።

ከዚህ የባሰው ግን መጀመሪያው ሳምንት ላይ የሆነው ነው። ጋዋን የሌለው አናቶሚ ክፍል አይገባም ተባለ። እኔ ጋዋን የለኝም፤ የማሰፊያውም ብር ማዳመጫው ላይ አልቋል። ጓደኞቼ ሲገቡ በሩ ላይ ቀረሁ። በማግስቱ ከዶርማችን ላይኛው ፎቅ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የራሷን ሰጠችኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን የሚውጥ፣ ኮሌታው ላይ ስሟ በእስክሪብቶ የተጻፈበት። ዓመቱን ሙሉ የተማርኩት በእሱ ነው።

አባቴ ባለማወቁ አልወቅሰውም። ከትምህርት ቤቱ የደረሰን ማስታወቂያ አንሶላና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ ይላል፤ ስለ ጋዋን አንድ ቃል የለበትም። ያልተነገረውን ከየት ያምጣው? እንግዲህ የምለው ይህን ነው፦ ሕክምና የሚያስተምር ተቋም ሁሉ ተማሪው ከመምጣቱ በፊት፣ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ፣ ምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ገጽ ጽፎ ይላክ። የማያስፈልገው ደግሞ በደመቀ ፊደል ይጻፍ፤ ድሃን የሚያራቁተው እሱ ነውና።

ገጹን እኔ ብጽፈው መጀመሪያ የማሰፍረው ጋዋን ነው፤ ያውም ሁለት። ሰፊና እጅጌው ረጅም፣ ሲቀቀል የማይበላሽ የጥጥ ጨርቅ፤ ሠፈር ያለ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። ሁለት የምለው ለምንድን ነው? አናቶሚ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የሚደረግበትን የፎርማሊንን ሽታ አይገምተውም። ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ጸጉር ውስጥ ገብቶ ካፌ ድረስ ይከተላል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እንጀራ ወደ አፌ ሳስጠጋ የሚሸተኝ እሱ ነበር። በዚያ ክፍል የተለበሰ ጋዋን ሌላ ቦታ መለበስ የለበትም፤ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ መጣልማ ጭራሽ።

ነገሩ የሽታ ብቻም አይደለም። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ማዋለጃ ክፍል እንደሚሄዱ ልብ አለ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ፣ እሱ በሚሠራበት ክፍል ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር። ሁሉም በክሎሪን ውሃ እጁን እንዲታጠብ ካደረገ በኋላ ሰኔ ላይ ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ስለዚህ ከጋዋኑ ቀጥሎ ሳሙና እጽፋለሁ። ለወላጅ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለተማሪው ግን የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ጓንትና ማስክ ከወላጅ ኪስ መውጣት የለባቸውም ባይ ነኝ። ፎርማሊን ውስጥ ያለውን ፎርማልዴሃይድ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። የ18 እና የ19 ዓመት ልጆችን እዚያ ክፍል የሚያስገባው ተቋሙ ነው፤ መከላከያውንም ማቅረብ ያለበት እሱ ነው። እኛ አንድ ጓንት አጥበን ደግመን የተጠቀምንባቸው ቀናት ነበሩ። እንዲህ ያለው ነገር ለማንም ተማሪ እንዲደርስበት አልፈልግም።

ስለ መጽሐፍ የሚጠይቁኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። የሙር አናቶሚ፣ የጋይተን ፊዚዮሎጂ፣ የላንግማን ኢምብሪዮሎጂ፤ እነዚህን የማያውቅ የሕክምና ተማሪ የለም። ውፍረታቸው ያስፈራል፣ ዋጋቸውም እንደዚያው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ፤ ሶፍት ኮፒውም በየተማሪው ስልክ ይዞራል። ለመግዛት አይቸኩሉ። ስልኩ ሰፋ ያለ ሚሞሪ ይኑረው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓወር ባንክ ይጠቅማል። ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ግን ለእሱ ሲባል እንዳይበደር።

በወረቀት ይሁን የምለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የሰውን አካል በሥዕል የሚያሳየው አትላስ። ሐኪምም ሠዓሊም የነበረው ፍራንክ ኔተር በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው አትላስ ዛሬም ከተማሪ እጅ አይለይም። ምስሉን ስልክ ላይ ሲያሳድጉት የሚፈልጉት ነርቭ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ይጠፋል፤ ወረቀት ላይ ግን አንገቱም፣ ትከሻውም፣ ክንዱም በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት ይዘረጋሉ። እኛ አንድ አሮጌ አትላስ ለአራት ገዝተን፣ ማታ አልጋ ላይ ዘርግተን ዙሪያውን ተኝተን ነበር የምናጠናው። የሰው አጥንት 206 ነው፤ የእጅ አንጓ ብቻ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት፤ ስማቸውን እርስ በርስ እየተጠያየቅን እንቅልፍ ይጥለን ነበር።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝን ዕቃ ግን የሚጠረጥር ሰው የለም። ባለቀለም እስክሪብቶና መስመር የሌለው ወረቀት። ቀይ ለደም ቅዳ፣ ሰማያዊ ለደም መልስ፣ ቢጫ ለነርቭ። ከአንገት ተነስቶ ወደ ክንድ የሚወርደውን ብራኪያል ፕሌክሰስ የሚባል የነርቭ መረብ አስር ጊዜ አንብቤው አልገባኝም። የተጣለ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ደጋግሜ ከሣልኩት በኋላ ግን፣ ዛሬ ክንዱ አልታዘዝ ያለው በሽተኛ ሲመጣ ያ ሥዕል ዓይኔ ላይ ይመጣል። ማዳመጫ ራሱ ሲጀመር ወረቀት እንደነበርም ላስታውስ። በ1816 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ሬኔ ላኤኔክ የተባለ ሐኪም የአንዲት ወጣት ሴት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ስላልወደደ፣ ወረቀት ጠቅልሎ በዚያ የልቧን ምት ሰማ።

በሶ፣ ቆሎ፣ ጓጉንቸር፣ ነጠላ ጫማ፤ ይህንማ ፍሬሽማን ላይ ያየ ልጅ ለራሱ ያውቀዋል።

ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው፣ «የመምህር እጥረት እያለ፣ የሐኪም ደመወዝ እንዲህ ሆኖ፣ አንቺ ስለ ጋዋን ታወሪያለሽ?» ይሉኛል። እነዚያም ይነገሩ፤ እኔም እናገራቸዋለሁ። እነሱ ግን በጀትና ዓመታት ይፈልጋሉ። ይህ የሚፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና የሚያስብ ሰው ነው። ተቋሙ ሃምሳ ያህል ጋዋንና ጥቂት አትላስ ገዝቶ ለተቸገረ ቢያውስ፣ ዓመቱን የጨረሰ ተማሪም የራሱን አጥቦ ለሚመጣው ቢያስረክብ፣ ዕቃው ለዓመታት ያገለግላል። የገበሬ ልጅ በዚያ በር ላይ ቆሞ ጓደኞቹ ሲገቡ ሲያይ፣ «ይህ ቦታ የእኔ አይደለም» ብሎ ያስባል። እኔ አስቤዋለሁ። ያቺ ልጅ ጋዋኗን ባትሰጠኝ ሻንጣዬን አንስቼ ወደ መናኸሪያ እሄድ እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለአያ ይህን ሁሉ በስልክ ዘረዘርኩላቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ሆኖ ይጽፍ ነበር። ሁለት ጋዋን። ሳሙና። ባለቀለም እስክሪብቶ። አትላስ ለአራት። ከጋዋኖቹ አንዱን እኔ በአውቶቡስ እንደምልክ ነገርኳቸው። ማዳመጫውስ አሉኝ። ሦስተኛ ዓመት ሲገባ ደህናውን አይቼ አብረን እንገዛለን አልኳቸው፤ ሊትማን የሚባለው የማዳመጫ ዓይነት ነው ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሊትማን ስላልሆነ ብቻቸውን እንዳይሄዱ አደራ አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «እንግዲያውስ ወይፈኑ ሁለት ዓመት ይረስ» አሉኝ።