ስለ ኮሶ፤ ተፈጥሮና ልማድ ተባብረው ደዌን እንዴት እንደሚያጸኑት

በሰው ላይ የሚመጣው ብዙው ደዌ ከሁለት ወገን የሚወለድ ነው። አንደኛው ወገን ተፈጥሮ ነው፤ ይኸውም የሰውነታችን አሠራርና በውስጡ ሊያድሩ የሚሹት ተሐዋስያን ጠባይ ነው። ሁለተኛው ወገን ልማድ ነው፤ ይኸውም የምንበላው ምግብ፣ የምንጸዳዳበት ስፍራ፣ ከእንስሳት ጋራ ያለን አኗኗር ነው። ሐኪም የፊተኛውን ብቻ ቢመለከት፣ የቤት ጌታም የኋለኛውን ብቻ ቢያስብ፣ ደዌው በመካከላቸው ተደላድሎ ይኖራል። ለዚህም ነገር ምስክር ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ በየቤታችን የታወቀው ኮሶ ይበቃናልና።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። በአማርኛችን ትሉም ኮሶ ይባላል፤ ትሉን የሚያስወጣው መራራ አበባም ኮሶ ይባላል፤ አበባው የሚለቀምበት የደጋ ዛፍም ኮሶ ይባላል። ደዌና መድኃኒት በአንድ ስም መጠራታቸው ሕዝቡ ሁለቱን እንደማይለያዩ ጎረቤቶች ቈጥሮ እንደ ኖረ ያስረዳል። የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1790 ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ስለ ኮሶ ዛፍና ሕዝቡ አበባውን ስለ መጠጣቱ ጽፎአል። መድኃኒቱን ታላቁም ታናሹም ይፈልገው ነበር፤ ሻጩ ግን ይናቅ ነበር። የዓፄ ቴዎድሮስም ጠላቶች እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይዘልፏቸው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል።

የትሉም ጠባይ ይህ ነው። ራሱን በአራት መምጠጫ ከሰው አንጀት ጋራ አጣብቆ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 5 ሜትር ያህላል፤ ከ10 ሜትር የሚበልጥም ይገኛል። ገላው ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርስ አንጓ የተያያዘ ነው። ከነዚህም አንጓዎች በየቀኑ ጥቂቶቹ እየተቈረጡ ይወጣሉ፤ በአንዱ አንጓ ውስጥ እስከ 100,000 የሚደርስ እንቍላል ይገኛል። እንቍላሉ በመስክ ላይ ወድቆ ሳለ ከብት ከሣር ጋራ ቢበላው፣ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ አተር የሚያህል ወይም ከአተር የሚያንስ ከረጢት ይሆናል። ያንንም ሥጋ ሰው በጥሬው ቢበላው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ ትል ይሆንበታል። ይህ ትል ከሰው አንጀት በቀር ሙሉ ሆኖ የሚያድግበት ሌላ ማደሪያ የለውም። እንግዲህ ሰው ከከብት ይቀበላል፤ ከብትም ከሰው ይቀበላል። ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ቢዘጋ የትሉ ዘር ይቋረጣል።

ተፈጥሮ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ሁለቱን መንገዶች ክፍት አድርጎ የሚያኖራቸው ግን ልማድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ በማዕድ በኩል ያልፋል። በቀድሞው ዘመን በግብር አዳራሽ ብርንዶ በየማዕርጉ ይታደል ነበር። ዛሬም በሠርግና በፋሲካ፣ ቍርጥና ክትፎ ያልቀረበበት ግብዣ ጎደሎ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንግዳውም «ይብሰልልኝ» ቢል ጋባዡን ያዋረደ ይመስለውና ዝም ብሎ ይበላል። ሚጥሚጣው ወይም አረቄው ትሉን ይገድለዋል ብሎ የሚጽናና አለ፤ ነገር ግን አይገድለውም። ጾምም ከሥጋ ይለየናል እንጂ አስቀድሞ የገባውን ትል አያጠፋውም፤ እርሱ እኛ የምንበላውን ሁሉ ይካፈላልና።

ሁለተኛው መንገድ በሜዳ በኩል ያልፋል፤ በዚህም ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ኮሶ የሚጠጣ ሰው በማለዳ ጠጥቶ ወደ ሜዳ ወይም ወደ ጓሮ ይወጣ ነበር። ትሉም ከነእንቍላሉ በዚያ ይወድቃል፤ ከብቱም በዚያው ይሰማራል። ሰውየው ለጊዜው ዳነ፤ ደዌው ግን ለመስኩ ተረፈ። ደግሞም ብዙ ጊዜ የትሉ ራስ ሳይወጣ ይቀርና በ2 ወይም በ3 ወር ትሉ እንደ ገና ያድጋል። አባቶቻችን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ የመጠጣታቸው ልማድ ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው። እንዲህም ሆኖ መድኃኒቱ ደዌውን ከማጥፋት ይልቅ ከደዌው ጋራ መኖርን አስተማረ፤ ሰውም ኮሶ እያለ ብርንዶ ምን ያስፈራል ብሎ ተማመነ።

ይሁን እንጂ ልማድ ሁልጊዜ ጠላታችን አይደለም። ከዚህ ትል ጋራ የሚዛመድ፣ በእሪያ ሥጋ የሚገኝ ሌላ ትል አለ። የእርሱ እንቍላል ወደ ሰው አፍ በገባ ጊዜ ከረጢቱ በአንጎል ውስጥ ሊያድርና የሚጥል ደዌ ሊያመጣ ይችላል። የአገራችን ኦርቶዶክሳውያንም እስላሞችም በየሃይማኖታቸው ሥርዓት እሪያ ስለማይበሉ፣ ይህ ክፉ ደዌ በኢትዮጵያ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዱ ሕዝብ በአንድ ልማዱ ራሱን ሲጠብቅ፣ በሌላው ልማዱ ራሱን ለደዌ ይሰጣል። አስተዋይ ሰው የአባቶቹን ልማድ በጅምላ አይንቅም፤ በጅምላም አይቀበልም፤ አንድ በአንድ ይመረምረዋል እንጂ።

እንግዲህ ቤተሰቡን የሚወድ ሰው ሥጋውን ውስጡ ቀይነቱን እስኪለቅ ድረስ ያብስል፤ ክትፎውን ለብ ለብ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ጥሬውን ሊተው ያልቻለም ቢያንስ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ብርድ ለ10 ቀን ያህል ያቈየው። ሥጋውን በቄራ የተመረመረ ይግዛ፤ ነገር ግን ከረጢቱ ትንሽ ስለ ሆነ ከመርማሪው ዓይን ሊያመልጥ እንደሚችል አይርሳ። ኮሶ የታየው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ የሚባለው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ መዋጥ ይፈውሳልና። ኮሶን ያለ መጠን መጠጣት ግን የዓይንን ብርሃን እስከ መጕዳት ሊደርስ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው።

ከሁሉም በላይ ጌታም ሎሌም፣ ከብት ጠባቂውም ሳይቀር፣ መጸዳጃ ቤት ይኑረው። ባለጠጋ ለራሱ ያማረ መጸዳጃ ሠርቶ እረኛውን ወደ ሜዳ ቢሰድደው፣ በእረኛው ሆድ ያለው ትል በሰንጋው ሥጋ አድርጎ ወደ ጌታው ማዕድ ይመለሳልና። ለእንግዳ የሚሰጠው ታላቁ ክብር እንደ መጣ በጤና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ አብስሎ ማቅረብም ከዚህ ክብር የሚቈጠር እንጂ ንፍገት አይደለም።