ግንብ ስደትን ያግዳልን?

በዘመናችን ብዙ መንግሥታት በድንበራቸው ላይ ግንብ እየገነቡ ስደትን እንገታለን ይላሉ። ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚነሣው ወጣት በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ፣ በመጨረሻ የሚጋፈጠው ይኸንኑ አጥር ነው።

አጥር ከቶ አይጠቅምም ማለት ከእውነት መሸሽ ይሆናል። እስራኤል ከግብፅ በሚያዋስናት ድንበር እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 17,000 ሰዎች ያለ ፈቃድ ሲገቡ፣ አጥሩ ከቆመ በኋላ በ2013 የገቡት መቶ እንኳ አልሞሉም። ነገር ግን የገባውን ለዓመታት የሚያሳስር ሕግም በ2012 ወጥቶ ነበር። ስደቱም አልቆመም፤ በሊቢያና በሜዲትራኒያን ባሕር በኩል ቀጠለ።

ሳዑዲ ዓረቢያ የየመንን ድንበር ማጠር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ከ90,000 በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን ገቡ፤ አብዛኞቹ የእኛው ወገኖች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ሲል ከሰሰ፤ መንግሥቱም ክሱን አስተባበለ። እንግዲህ አጥሩ የደላላውን ዋጋ ከፍ አደረገ፣ ሞትንም አበዛ እንጂ መንገደኛውን አልመለሰም እንላለን።

የመንዝ አባቶች በዚህ ረገድ የሚያስተምሩን አላቸው። የጓሳን ሣር እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ለዘመናት የጠበቀው የድንጋይ ካብ አልነበረም። የአስቦና የጌራ ልጆች በመረጡት አለቃ ሥር ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል። ተከልካዩ ራሱ ተካፋይ ስለ ነበረ ክልከላው ተከበረ። በድንበሩ ግንብ ግን ተከልካዩ ምን ድርሻ አለው?

አንዳንዶች «ወጣቱ አደጋውን ቢያውቅ ይቀር ነበር» ይላሉ። ያውቃል እንጂ! ነገር ግን ከአባቱ የሚደርሰው መሬት በሬ ለማዞር እንኳ እንደማይበቃ፣ ጎረቤቱም ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ እንዳለበሰ ጭምር ያውቃል።

ስለዚህ በክረምት ወደየአገራችን የምንገባ ተማሪዎች የጉዞውን ዕዳና ዋጋ ሳናጋንን ሳንደብቅ እንንገር። መምህራኖቻችንም ምርምራቸውን ወደ መስኖው፣ ወደ በጉ ጠጉር፣ ወደ ባናውና ወደ ዝተቱ ገበያ ያዙሩልን። ሰው በአገሩ ድርሻ ሲያገኝ ያን ጊዜ ግንቡ ሥራ ይፈታል።