የኩባ ሲጋር፦ ሐሰተኛ ከሆነ ኪሳራ፣ እውነተኛ ከሆነ ጥፋት

የካሪቢያንን ባሕር የሚያቋርጡ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች በሜክሲኮዋ ኮዙሜል፣ በባሃማሷ ናሳው ወይም በኬይማን ደሴቶች መዲና ጆርጅ ታውን ሲቆሙ፣ ተሳፋሪዎች ለጥቂት ሰዓታት ወደ ምድር ይወርዳሉ። ከወደቡ በር ጀምሮ ከተደረደሩት መደብሮች መካከል እውነተኛ የኩባ ሲጋር እንሸጣለን የሚሉ አይጠፉም። ጊዜው አጭር ነው፤ መርከቡ በሰዓቱ ይነሳል፤ ገዢው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ትምባሆ ጠለቅ ያለ ዕውቀት የለውም። ለሐሰተኛ ዕቃ ነጋዴ ከዚህ የተመቸ ገበያ አይገኝም።

ይሁን እንጂ የሐሰተኛ ዕቃ ሥጋት የችግሩ ግማሽ ብቻ ነው። ከማያሚ ወይም ከሌላ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው ለሚመለስ መንገደኛ፣ ሲጋሩ እውነተኛ መሆኑም የራሱን ጣጣ ያመጣል። የኩባን ሲጋር ከሐሰተኛው የሚለዩት ማኅተሞችና ጽሑፎች፣ ዕቃው እንዳይገባ ከተከለከለበት አገር መምጣቱን ለጉምሩክ ሠራተኛው የሚመሰክሩትም እነርሱው ናቸው። የጉዞ መታሰቢያ ተብሎ የተገዛ አንድ ሣጥን ሲጋር፣ ከ60 ዓመታት በላይ ባስቆጠረ የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ መካከል የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

ማዕቀቡና መንታዎቹ ስሞች

በፊደል ካስትሮ የተመራው አብዮት በ1959 ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ አዲሱ መንግሥት በ1960 የሲጋር ፋብሪካዎችን ወረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በፌብሩዋሪ 1962 በኩባ ላይ አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ ጣሉ። የፕሬስ ጸሐፊያቸው የነበሩት ፒየር ሳሊንጀር ከዓመታት በኋላ እንደተረኩት፣ ኬኔዲ ማዕቀቡን ከመፈረማቸው በፊት የሚወዱትን የኩባ ሲጋር በብዛት እንዲገዙላቸው አዝዘዋቸው ነበር፤ ሳሊንጀርም 1,200 ፍሬ አሰባስበው አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ ፊርማቸውን ያኖሩት ይህን ካረጋገጡ በኋላ ነበር።

የእገዳው ውጤት ግን በአሜሪካ ገበያ መዘጋት ብቻ አልተወሰነም። ንብረታቸው የተወረሰባቸው የኩባ ባለ ፋብሪካዎች ዕውቀታቸውንና የንግድ ስማቸውን ይዘው ተሰደዱ። በዚህም የተነሳ ሞንቴክሪስቶ፣ ፓርታጋስ፣ ሮሜዮ ኢ ሁሊዬታ እና አፕማን የተባሉት ስመ ጥር ሲጋሮች ዛሬ መንታ ናቸው፤ አንደኛው በኩባ ይመረታል፣ ሌላው ደግሞ እንደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክና ሆንዱራስ ባሉ አገሮች ለአሜሪካ ገበያ ይመረታል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ቅጠላቸውም፣ ባለቤታቸውም፣ ሕጋዊ አቋማቸውም የተለያየ ነው።

የኮሂባ ታሪክ ከእነዚህ ይለያል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ለካስትሮና ለውጭ እንግዶች ስጦታ ተብሎ የተጀመረው ይህ ሲጋር ለገበያ የቀረበው በ1982 ነው። ስሙን አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ ያስመዘገበው ግን ጄኔራል ሲጋር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከ1997 ጀምሮ በተካሄደው ሙግት፣ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ጉዳዮች ቦርድ በዲሴምበር 2022 የኩባን አቤቱታ በመቀበል የኩባንያው ምዝገባ እንዲሰረዝ ወስኗል።

ይህ ታሪክ ለመርከብ መንገደኛው ተግባራዊ ትርጉም አለው። መርከቦች በብዛት የሚያርፉባቸው ፖርቶ ሪኮና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች በአሜሪካ ሕግ የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ በዚያ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ሞንቴክሪስቶ ወይም ኮሂባ ከኩባ የመጣ ሊሆን አይችልም። በአንጻሩ ናሳው ወይም ኮዙሜል ላይ ሁለቱም ዓይነት ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ገዢው ከስሙ በፊት የተመረተበትን አገር ማንበብ ይኖርበታል።

የተከፈተውና ዳግም የተዘጋው በር

ብዙ ተጓዦችን የሚያደናግረው የሕጉ መለዋወጥ ነው። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማና የኩባው መሪ ራውል ካስትሮ በዲሴምበር 2014 ግንኙነታቸውን ለማደስ መስማማታቸውን ካስታወቁ በኋላ፣ ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ ኩባን በተፈቀደ ምክንያት የጎበኘ አሜሪካዊ እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ ትምባሆና የአልኮል መጠጥ ይዞ እንዲመለስ ተፈቀደለት። በኦክቶበር 2016 ይህ የዋጋ ገደብ ተነሣ፤ ዕቃው ለግል ፍጆታ እስከሆነ ድረስ በሦስተኛ አገር የተገዛ የኩባ ሲጋርም መግባት ቻለ።

የዶናልድ ትራምፕ አስተዳደር በሩን መልሶ ዘጋው። ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2020 ጀምሮ ከኩባ የተገኘ ትምባሆና አልኮል በመንገደኛ ሻንጣም ቢሆን ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተከለከለ። ክልከላው በቀጣዩ የጆ ባይደን ዘመንም አልተነሳም። ከአራት ዓመት ያልበለጠው የነጻነት ጊዜ ግን በብዙዎች አእምሮ ውስጥ እንደ ዘላቂ ሕግ ተቀርጾ ቀርቷል። ዕቃውን ለመሸጥ የሚቸኩል ነጋዴም ይህን እምነት የሚያርምበት ምክንያት የለውም።

ከቀረጥ ነፃ የሚለው ማስታወቂያም እንዲሁ ያሳስታል። ቃሉ የሚያመለክተው በሽያጩ ቦታ ግብር አለመከፈሉን እንጂ ዕቃው ወደ ገዢው አገር መግባት መቻሉን አይደለም። የአሜሪካ ጉምሩክ አንድ አዋቂ መንገደኛ እስከ 100 ሲጋር ያለ ቀረጥ እንዲያስገባ ይፈቅዳል፤ የኩባ ምርት ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይካተትም። አንድም ፍሬ ቢሆን ሊወረስ ይችላል፣ የማዕቀቡን ደንብ መጣስም የገንዘብ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ሕጉ የተወው ጠባብ መንገድ አለ፦ የአሜሪካ ነዋሪ በሦስተኛ አገር ሳለ የኩባ ሲጋር ገዝቶ እዚያው ሊያጨሰው ይችላል። የተረፈውን ግን ይዞ መመለስ አይችልም።

የመርከብ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከዚህ ማዕበል አላመለጡም። የካርኒቫል ኩባንያ መርከብ አዶኒያ በሜይ 2016 ሃቫና ስትደርስ፣ ከአሜሪካ ተነስታ ኩባ የገባች የመጀመሪያዋ የመዝናኛ መርከብ ነበረች፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዞ ለ40 ዓመታት ገደማ ተቋርጦ ቆይቷል። በጁን 2019 የትራምፕ አስተዳደር ጉዞውን በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ አስቆመው። በዚያው ዓመት ደግሞ በ1996 የወጣው የሄልምስ በርተን ሕግ ታግዶ የቆየ ክፍል ሥራ ላይ በመዋሉ፣ ከአብዮቱ በፊት የሃቫናን ወደብ የማስተዳደር መብት የነበረው ኩባንያ አራት የመርከብ ድርጅቶችን ከሰሰ። በዲሴምበር 2022 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በድርጅቶቹ ላይ በድምሩ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ፤ በኦክቶበር 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ክርክሩም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመራ።

እውነተኛው በምን ይታወቃል?

የኩባን ሲጋር ለዓለም ገበያ የሚያከፋፍለው ሃባኖስ የተባለው ኩባንያ ነው። በእርሱ ፈቃድ የሚሠሩ፣ ላ ካሳ ዴል ሃባኖ የሚል ስም ያላቸው ከ150 በላይ መደብሮች በተለያዩ አገሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያው የተከፈተው በ1990 በሜክሲኮዋ ካንኩን ነው፤ ይህም ነጋዴዎቹ ከጅምሩ የካሪቢያንን ጎብኚ ዓይተው እንደተነሱ ያመለክታል።

እውነተኛ ሣጥን የሚለይባቸው ምልክቶች በርካታ ናቸው። በግራ ጎኑ ከ1889 ጀምሮ ሲያያዝ የመጣው አረንጓዴ የመንግሥት የዋስትና ማኅተም ይለጠፋል፤ የአሁኑ ማኅተም ሆሎግራምና ባርኮድ ያለው ሲሆን ቁጥሩን በሃባኖስ ድረ ገጽ ማጣራት ይቻላል። በክዳኑ ቀኝ ማዕዘን ላይ ሃባኖስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት በሰያፍ ይለጠፋል። ከሥሩ በእሳት የተተኮሰ ጽሑፍ በኩባ መሠራቱንና ሙሉ በሙሉ በእጅ መጠቅለሉን በስፓኒሽ ይናገራል፤ ከጎኑም የፋብሪካው ምሥጢራዊ መለያና የታሸገበት ወርና ዓመት በቀለም ይታተማል።

የሐሰተኛው ምልክቶች ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ናቸው። ክዳኑ መስታወት ወይም ፕላስቲክ የሆነ የኮሂባ ሣጥን ሃባኖስ ሠርቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ በባሕር ዳርቻዎችና በገበያ ቦታዎች በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። ዋጋም ይመሰክራል። ሃባኖስ በ2022 እንደ ኮሂባና ትሪኒዳድ ያሉትን ውድ ምርቶቹን ዋጋ በመላው ዓለም አቀራርቦ ክፉኛ ከፍ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ሣጥን ኮሂባ በጥቂት አሥር ዶላሮች ማግኘት አይታሰብም። የተሰጠው ቅናሽ ትልቅ ከሆነ ጥርጣሬውም ያን ያህል ትልቅ ሊሆን ይገባል።

በራሷ በሃቫና ጎዳናዎች ላይ የሚሰማው የደላሎች ወሬም የታወቀ ነው፤ ዘመዴ ፋብሪካ ይሠራል፣ በርካሽ ያወጣልኛል ይላሉ። ለሠራተኞች የሚሰጥ ጥቂት የሲጋር ድርሻ ስላለ ወሬው ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን የታሸገ፣ ማኅተም ያለው ሣጥን በዚያ መንገድ መውጣቱ ሐሰተኛ ወይም የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን ያሳያል። የኩባ ጉምሩክም ያለ ሰነድ እንዲወጣ የሚፈቅደው እስከ 20 ነጠላ ሲጋር፣ በታሸገ ሕጋዊ ሣጥን ከሆነ ደግሞ እስከ 50 ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃል።

ትርፉ ለማን ነው?

ሃባኖስ ለእኩሌታው የኩባ መንግሥት ንብረት ነው፤ ቀሪውን እኩሌታ የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ብራንድስ በ2020 ለእስያ ባለሀብቶች ሸጦታል። ኩባንያው በ2024 ያገኘው ገቢ 827 ሚሊዮን ዶላር መድረሱን አስታውቋል፤ ከገበያዎቹ ቀዳሚዋ ቻይና ናት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የኩባ የኤሌክትሪክ አውታር ሙሉ በሙሉ ወድቆ አገሪቱ ጨለማ ውስጥ ገብታ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ የዝነኛው ቅጠል መገኛ በሆነችው ፒናር ዴል ሪዮ ግዛት በሺዎች የሚቆጠሩ የትምባሆ ማድረቂያ ቤቶችን አፍርሷል። ምርቱ ሲያንስ ዋጋው ናረ፤ ዋጋው ሲንር ሐሰተኛው ዕቃ ገበያው ደራለት።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ማዕቀቡ በሲጋር ንግድ ላይ ያስከተለው ውጤት ከታሰበው የራቀ ነው። ኩባ ለውድ ሲጋር ከዓለም ትልቁ በሆነው የአሜሪካ ገበያ እንዳትሸጥ ማድረጉ እውነት ነው። ሆኖም ክልከላው ራሱ ሲጋሩን የሚያስጎመጅ አድርጎታል። ወደቡ ላይ የሚቆመው ሻጭ ከትምባሆው ይልቅ የሚሸጠው ይህንኑ ጉጉት ነው። ለጉጉቱ የሚከፈለው ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ ለፒናር ዴል ሪዮ ገበሬ ሳይሆን ለአስመሳዩ ይደርሳል።

ለአፍሪካ ቀንድ ተወላጆች ምን ማለት ነው?

ደንቡ የሚመለከተው በአሜሪካ የተወለዱትን ብቻ አይደለም። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሌሎች የቀጣናው አገሮች ተወላጆችም ይገዙበታል። ከአዲስ አበባ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ወደ ዋሽንግተን የሚመለስ መንገደኛ በዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ የኩባ ሲጋር በሕጋዊ መደብር ሊገዛ ይችላል። ደረሰኙ የተሟላ፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆንም፣ አሜሪካ ሲደርስ ክልከላው ይጠብቀዋል።

አውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖች ሲጋሩ ሕጋዊ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በአውሮፕላን ወይም በመርከብ የሚመጣ አዋቂ መንገደኛ፣ ሌላ ትምባሆ ካልያዘ፣ እስከ 50 ሲጋር ያለ ቀረጥ ማስገባት ይፈቀድለታል። ለእነርሱ የሚከብደው ጉዳይ ጉዞው ነው። አሜሪካ ኩባን በጃንዋሪ 2021 ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ በምትላቸው አገሮች መዝገብ አስገብታለች፤ ባይደን በጃንዋሪ 2025 ኩባን ለመሰረዝ ቢወስኑም ትራምፕ በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሽረውታል። በዚህ የተነሳ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ኩባን የረገጠ የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ባለቤት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ መግባት አይችልም፤ ለቪዛ ማመልከት ግድ ይሆንበታል።

በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ውስጥ ተምረዋል። ዛሬ አውሮፓ ሆነው ያደጉባትን ደሴት ዳግም ማየት ለሚመኙ ለእነዚህ ሰዎች፣ አንድ ጉብኝት አሜሪካ ካለ ቤተሰብ ጋር የመገናኘትን መንገድ ሊያረዝም እንደሚችል አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

የጤናው ጉዳይም መዘንጋት የለበትም። አንድ ትልቅ ሲጋር በአንድ ፓኬት ሲጋራ ውስጥ ያለውን ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል፤ ጭሱ ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያስከትላል። በእጅ መጠቅለሉም ሆነ ውድ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

በወደቡ ላይ ያለው ውሳኔ እንግዲህ ከጣዕምና ከዋጋ ያለፈ ነው። ሣጥኑ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራ ገዢ፣ ማኅተሙን ከመመርመሩ በፊት የሚመለስበትን አገር ሕግ መመርመር አለበት። ያን ጊዜ ብዙዎች የሚደርሱበት መደምደሚያ ቀላል ሊሆን ይችላል፦ ከታመነ መደብር አንድ ፍሬ ገዝቶ እዚያው መጨረስ፣ አለዚያም ባዶ እጅ ወደ መርከቡ መመለስ።